ሜርል ቤት የሚያድሩ መኪናዎች

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ዋሽቶ ያመለጠ ሰው የለም» ትላለች መርማሪ ሎሬታ ሳቦ። ውሸት ከሩቅ ይሸተኛል፣ እንዳረረ ሽንኩርት ነው የሚሸተኝ ትላለች። ይህን አለቃዋ ሸሪፉ ያውቃል፣ የጥርስ ሐኪሟ ያውቃል፣ ዳቦ የምትሸጥላት ሴትዮ ሳትጠይቅ ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች። ባሏም ቢሆን ዋሽቷት አላመለጠም፤ «ሰልችተሽኛል» ብሎ ፊት ለፊት ነግሯት ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ውስጥ የሚዋሻትም እውነት የሚነግራትም የለም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳ ሴት በድንበር መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቦይ ውስጥ ወድቆ አየች። የድንበር መንገድ የሚሉት ግራው ሚሺጋን ቀኙ ኦሃዮ ነው፤ መሃሉን ይዞ የሚሄድ ሰው አንዱ እግሩ በአንድ ሕግ፣ ሌላው እግሩ በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው። ሽማግሌው የወደቀው በኦሃዮ በኩል፣ ከገዛ በሩ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር። የፖስታ ሳጥኑ ከነእንጨቱ ተገንድሶ አጠገቡ ተጋድሟል። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ሌሊቱን ጥሎ፣ ሊነጋ ሲል ነው ያባራው።

ሎሬታ ስትደርስ ግን ንጹሕ በረዶ የቀረው ጣሪያው ላይ ብቻ ነው። መንገዱን በረዶ ጠራጊው መኪና ጠርጎታል። ግቢውን ደግሞ አምቡላንሱና የሸሪፉ ሰዎች እንደ እርሻ አርሰውታል።

«ጎበዞች» አለች። «የዝሆን መንጋ ቢያልፍበት ከዚህ የተሻለ ዱካ ይተርፍ ነበር።»

«አንቺም እንደምን አደርሽ» አላት ሸሪፉ። «ሜርል ሆስኪንስ ነው። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ልጅ የለው፣ መኪና የለው። ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱን መልሷል።»

ሎሬታ ተንበረከከች። ከቦዩ ጠርዝ ጥፍር የምታህል የመኪና መብራት ስባሪ አነሳች። ቀጥላ የሟቹን ካፖርት ፈተሸች። በአንዱ ኪስ በፎይል የተጠቀለለ የእንቁላል ሳንዱች፤ በሌላው ኪስ ደግሞ ሌላ ሳንዱች።

«ሁለት?» አለች።

«ርቦት ይሆናላ።»

«ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለት ሳንዱች ጠቅልሎ በዚህ ብርድ ይወጣል? እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። አንዱንም አልጠቀልልም፤ ከነመጥበሻው ነው የምበላው።»

ሸሪፉ ሳንዱቾቹን ማስረጃ መያዣ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው።

ቢሮ ተመልሳ የሟቹን አድራሻ ስታጣራ መኪና በሌለው ሰው ቤት ሦስት መኪና ተመዝግቦ አገኘች። ሦስቱም የኦሃዮ ታርጋ፣ ሦስቱም የኦሃዮ ኢንሹራንስ፣ ባለቤቶቻቸውም ሦስት የተለያዩ ሰዎች። ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የገባው ጣራ ሠሪው ገስ ሊንድክቪስት ነው። ግንድ የሚያህል ሰው ሲሆን ኮፍያውን እንደ ቂጣ ያገላብጣል።

«ትናንት ሌሊት የት አደርክ?»

«ቤቴ ነዋ።»

«ቤትህ የት ነው?»

ገስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሜርል ጋ። ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል።»

«ታዲያ ሰውዬው ደጃፍህ ላይ ሲገጭ አልሰማህም?»

«እንቅልፌ ከባድ ነው።»

ቀጥላ ኦፓል ያንሲ ገባች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በቤተክርስቲያን ትዘምራለች። እሷም ያደረችው ሜርል ቤት፣ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ነው። ሦስተኛዋ ሮሼል ዱፕሬ ነበረች። በየቤቱ እየዞረች አቅመ ደካሞችን የምትንከባከብ ወጣት እናት ናት፤ ከነሥራ ልብሷ ነው የመጣችው። እሷም ያደረችው እዚያችው ክፍል።

ሎሬታ ተነስታ ክፍሉን ልታይ ሄደች። ፎቁ ላይ አንድ ክፍል፣ ክፍሉ ውስጥ አንድ የሕፃን አልጋ የምታህል አልጋ፣ አልጋው ላይ ደግሞ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ከነመብራቱ ተኝቷል። አቧራው የሁለት ዓመት ነው።

ተመልሳ ኦፓል ፊት ተቀመጠች። «ወይዘሮ ያንሲ፣ ትናንት ከገስ ጋር ነው የተኙት ማለት ነው?»

«በስመአብ! ምን የሚሉት ንግግር ነው!»

«እሱም እዚያች አልጋ ላይ አደርኩ ብሏል። ሮሼልም።»

ኦፓል የእጅ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ትንሽ አሰበች። «እኔ በግድግዳው በኩል ነበርኩ» አለች።

ሎሬታ የሳቀችው ኮሪደር ከወጣች በኋላ ነው። ሳቋን ስትጨርስ ግን ተጨነቀች። ወንጀል የሠራ ሰው ከሟቹ ቤት ሊርቅ ይፍጨረጨራል፤ እነዚህ ግን ካልገባን ብለው በሩ ላይ ይጋፋሉ። ሽንኩርቱ ቢሮውን ሞልቶታል። ያረረበትን ድስት ግን ልታገኘው አልቻለችም።

ድስቱን ያሳያት ክላይድ ቬነብል ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፋይል በብብቱ ይዞ መጣ። የኢንሹራንስ ድርጅት መርማሪ ነኝ አለ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተከፈለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። «ምሳ በልተዋል?» ሲል ጠየቃት። ይህን ጥያቄ ለመጨረሻ ጊዜ ማን እንደጠየቃት ልታስታውስ ሞክራ ተወችው።

ማዶ ካለው ምግብ ቤት ገብተው የሽንብራ ሾርባ አዘዙ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አላት። «የኢንሹራንስን ዋጋ የሚወስነው መኪናው የሚያድርበት ቦታ ነው። ከመንገዱ ግራ ካደረ ውድ፣ ቀኝ ካደረ ርካሽ። መጓዝ አይከለከልም፤ እስከ ፍሎሪዳ ቢነዱ ኢንሹራንስዎ ይከተልዎታል። ማደር ነው ጣጣው። ቤት ለውጠው ሌላ ግዛት ከገቡ ታርጋዎንም ኢንሹራንስዎንም እንዲለውጡ ሕጉ ያስገድዳል። አንዱ ግዛት ጥቂት ቀን ይታገሳል፣ ሌላው ዛሬውኑ ይላል።»

«እነዚህ ሦስቱስ?»

«ሦስቱም ሚሺጋን ነው የሚኖሩት። የሽማግሌውን አድራሻ ተውሰው ነው። ሦስት ሳምንት በንጋት እየመጣሁ ግቢውን ፎቶ አነሳሁ። አንድም መኪና አድሮ አያውቅም።» ፋይሉን ገፋ አደረገላት። «ማክሰኞ ከሰዓት ኮሎምበስ ከተማ ወዳለው ቢሮዬ ተመልሼ እዚያው ነበርኩ። አሁን በሬዲዮ ስሰማ ነው የበረርኩት። ምናልባት አንዳቸው ተጣልተውት ይሆን?»

ሎሬታ ፎቶዎቹን አገላበጠች። ባዶ ግቢ፣ ባዶ ግቢ፣ ባዶ ግቢ።

«ጥሩ ታዳምጫለሽ» አላት ቬነብል። «አንቺ ብልሽ ቅር ይልሻል?»

«አይለኝም» አለች፤ ፊቷ ቀላ። ሾርባው ጣፈጣት። ምንም አልሸተታትም።

ፎቶዎቹን ስታወጣላቸው ሦስቱም እንደ ቅቤ ቀለጡ። ያደሩት በየቤታቸው ሚሺጋን ነው። ያንን ካመኑ ኢንሹራንሱ ይሰረዛል፣ ቅጣቱም ይመጣል፤ ስለዚህ ከማጭበርበር ክስ ለማምለጥ ሬሳ ያለበት ቤት ገብተው ተደበቁ። ገስ ሽማግሌው በተገጨበት በንጋት ሰዓት ሚሺጋን ነዳጅ ሲቀዳ ካሜራ ቀርጾታል። ኦፓል ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቤተክርስቲያን ቁርስ ስታቀርብ ነበር፤ አርባ ሰው አይቷታል።

የቀረችው ሮሼል ናት። የሮሼል መኪና ደግሞ የፊት መብራቱ ተሰብሯል።

«አጋዘን ነው» አለች። «ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እዚያው ሚሺጋን ቤቴ አጠገብ።»

«ለኢንሹራንስ አመለከትሽ?»

«ምን ብዬ? ‹ኦሃዮ የሚያድር መኪናዬን ሚሺጋን በራፌ ላይ አጋዘን ገጨብኝ› ብዬ? በፕላስተር ለጠፍኩት።»

«ሐሙስ ንጋት የት ነበርሽ?»

«ሥራ ላይ። ዘጠና አንድ ዓመት የሞላቸው ሴትዮ ጋ።»

«ይመሰክሩልሻል?»

ሮሼል ፈገግ አለች፤ ደስ የሚል ፈገግታ ግን አይደለም። «ለሴትዮዋ እኔ እናታቸው ነው የምመስላቸው።»

ሎሬታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሜርል አድራሻውን ሲያውሳችሁ ምን ትሰጡታላችሁ?»

«ምንም። ገንዘብ አይቀበልም። ከሁለት ዓመት በፊት ከኦሃዮ ወደ ሚሺጋን ስገባ፣ ‹ያንቺንም እዚህ አድርጊው› አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለን፤ ፖስታችሁን ራሳችሁ መጥታችሁ ውሰዱ፣ አልልክም ነው።»

«ፖስተኛ ሆኖ ፖስታ አይልክም?»

«ከላከልን ማን ይመጣለታል? ስንሄድ እንቁላል ይጠብሳል፣ እንቀመጣለን፣ የሠፈሩን ውሻ ሁሉ በስሙ እየጠራ ያወራልናል። ልጄ ኒያ አያቴ ነው የምትለው።» ሮሼል ወደ ፊት ተጠጋች። «ስሙኝ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ብሎኛል። ‹በንጋት መንገዱ ማዶ መኪና ውስጥ ሰው ይቀመጣል፤ ሞተሩን አጥፍቶ። ምስኪን፣ ይበርደዋል› ብሎኛል።»

ሽንኩርቱ ጭስ ሆኖ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። «አሁን ገና ትዝ አለሽ?»

«አሁን ገና ጠየቁኝ።»

«በቃ» አለች ሎሬታ፤ ተነሳች። «አንዴ የዋሸ ሁለቴ ይዋሻል።»

ሮሼል ሐሙስ ማታ ታሰረች። የስድስት ዓመቷን ኒያን የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የላካት ሴት ልብሷን በከረጢት አድርጋ ወሰደቻት። ሰኞ ጠዋት በሰው መግደል እንደምትከሰስ ሸሪፉ ተናገረ። የመብራቱ ስባሪ ምርመራ ውጤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሮሼል ከፍርግርጉ ጀርባ ሆና የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄ መብራት ጠፍቶባት አትተኛም። ነግራችኋቸዋል?»

ማንም አልነገራቸውም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሎሬታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ እንቁላል ከመጥበሻው ትበላ ነበር። ሁለት ወንበር አላት፤ አንደኛው ላይ ጋዜጣ ይከመራል። ዓርብ ዕለትም ከቬነብል ጋር ያንኑ ሾርባ ጠጥታለች። ነገ ወደ ኮሎምበስ ይመለሳል፤ ለዛሬ እራት ልጋብዘው ወይስ ይደብራል እያለች የእሱን ፎቶዎች ያለ ምክንያት ታገላብጣለች። እውነቱን ለመናገር ምክንያት ነበራት። በጀርባቸው ያለውን የእጅ ጽሕፈቱን ለማየት ነው።

አንደኛው ፎቶ ላይ ስትደርስ ማንካዋ አየር ላይ ቀረ።

ያንን ፎቶ ሐሙስ ዕለት ለገስም፣ ለኦፓልም፣ ለሮሼልም አሳይታለች። ባዶ ግቢ ነው። የጎማ ዱካ የለም። የጎማ ዱካ አለመኖሩ የሚታወቀው ግን መሬቱ ነጭ ስለሆነ ነው። የፖስታ ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ቁመቱ አንድ ጣት የሚሆን በረዶ እንደ ቆብ ተቀምጧል።

የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጥሎ ያባራው ሐሙስ ሊነጋ ሲል ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ወድቋል። ፎቶው የተነሳው በመካከል ነው፤ ያነሳውም ማክሰኞ ኮሎምበስ ገባሁ ያለው ሰው።

ሁለት ቀን ሙሉ ፎቶው ውስጥ የሌሉትን መኪናዎች ስታይ ኖራ፣ ያለውን በረዶ አላየችም።

መኪና የሚያከራዩትን ቤቶች በስልክ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሦስተኛው ላይ አገኘች። ክላይድ ቬነብል ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ እዚሁ ከተማ፣ የተከራየውን መኪና መልሶ ሌላ ወስዷል። የመለሰው ፓራውልቱ ተጣሟል፣ የፊት መብራቱ ተሰብሯል። «አጋዘን ገጨሁ» ብሎ ፈርሟል።

ለሸሪፉ ደውላ ቬነብል ያረፈበት ሆቴል ቀጠረችው። ከዚያ ሁለት እንቁላል ጠበሰች፣ ሳንዱች ሠራች፣ በፎይል ጠቀለለች።

ቬነብልን ሆቴሉ በር ላይ ለነገው መንገድ ሻንጣውን መኪና ላይ ሲጭን አገኘችው።

«ሎሬታ! እራት ልንበላ ነው?»

«እርስዎ ቀድመው ይብሉ» አለችና ፎይሉን ዘረጋችለት።

አንቺና አንተ መቅረቱን ሰማ። እጁን አልዘረጋም። ፎይሉን እንደ እባብ አየው።

«ምን እንደሆነ ያውቃሉ አይደል?» አለች። «እኔ ለማን እንደሆነ ሦስት ቀን ፈለግሁ። እርስዎ ግን ወዲያው አወቁት።»

«ሎሬታ፣ እኔ ማክሰኞ...»

ፎቶውን በላዩ ደረበችበት። «ማክሰኞ በረዶ አልነበረም። ይህቺን ፎቶ ከፋይሉ ለምን አላወጧትም? ብትጣል እኮ ማንም አያውቅም።»

ቬነብል መኪናውን ተደገፈ። የተከፈለው ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ወደቀ። «ከሁሉም የበለጠች ማስረጃዬ እሷ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ዱካ የሌለበት በረዶ። በአሥራ አምስት ዓመት እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ ማስረጃ አንስቼ አላውቅም። ከፋይሉ ማውጣት አልሆነልኝም።»

«ሽማግሌውስ?»

«ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። እጁን ኪሱ ከቶ፤ ከኪሱ የሚያብረቀርቅ ነገር ብቅ ብሏል። ታርጋዬን ሊመዘግብ መሰለኝ፣ መሣሪያ ያለውም መሰለኝ። መስታወቱን አንኳኳ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ እሱ በፊት በኩል ዞሮ ወደ ቤቱ እጁን እየጠቆመ ነበር። ፍሬን ብይዝ መኪናው በበረዶው ተንሸራተተ...»

«ምን አለዎት?»

«‹ግባ፣ ቤቱ ይሞቃል› ነው ያለኝ። መስታወቱ ተዘግቶ ስለነበር አፉን ነው ያየሁት። ቃሉ የገባኝ ከሄድኩ በኋላ ነው።»

«ያቺን ልጅ እንዳሰርናት እያወቁ ዓርብ ከእኔ ጋር ሾርባ ጠጡ።»

«አንቺም ከእኔ ጋር ጠጣሽ» አላት ቬነብል። ሸሪፉ መጥቶ ካቴናውን አስገባለት። ሎሬታ ሳንዱቹን የት እንደምትጥለው ጠፍቷት ይዛው ቆመች።

ሮሼል ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ተፈታች። ኢንሹራንሷ ዓርብ ዕለት ተሰርዟልና መኪናዋን መንዳት አትችልም፤ ሎሬታ ራሷ ልውሰድሽ አለቻት። መጀመሪያ ሄደው ኒያን ተረከቡ። ልጅቷ እናቷን አንገቷን አንቃ ይዛ «ጨለማ ነበር» ብቻ አለች፤ ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ ተኛች።

የድንበር መንገድን ይዘው ወደ ግራው ግዛት ነዱ። የሜርልን ቤት ሲያልፉ ሁለቱም ወደዚያ አላዩም።

«ይቅርታ እጠይቅሻለሁ» አለች ሎሬታ። «ማዶ መኪና ውስጥ ሰው ይቀመጣል ስትዪኝ መስማት ነበረብኝ።»

ሮሼል በመስኮት ማየቷን ቀጠለች።

«አሁን በሚሺጋን ዋጋ ኢንሹራንስ እንዴት ልትገዢ ነው?»

«አልገዛም። አልችልም። መኪና ከሌለኝ ደግሞ ሥራ የለኝም። ከምሠራባቸው ሦስት ቤቶች ሁለቱ አውቶቡስ አይደርስባቸውም።»

ሎሬታ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ይህን ለመናገር ከእስር ቤቱ በር ጀምሮ ስታሰላስል ነው የመጣችው። «የእኔ ቤት ኦሃዮ ነው» አለች። «ሦስት መኝታ ቤት አለው፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። የውሸት አይደለም የምልሽ፤ ከነልጅሽ ግቢ። ኪራይ አልልሽም። መኪናሽም እውነት እዚያው ያድራል፣ ሕጉም ደስ ይለዋል። ማታ ማታ እራት እሠራለሁ። ለኒያ መብራት አላጠፋም። ሰው ሲኖር ቤት ይሞቃል። እኔም... ያው፣ ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው።»

መኪናው ድልድዩን አለፈ። ኒያ በእንቅልፏ ተገላበጠች። ሎሬታ መልሱን ስትጠብቅ፣ ጋዜጣውን ከወንበሩ ላይ የት እንደምታዛውረው በልቧ ጨርሳለች።

ሮሼል ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት።

«እስር ቤትዎን አይቼዋለሁ» አለቻት። «ቤትዎን ማየት አያሰኘኝም። እዚህ ያውርዱን።»